ስኮርቱም ከአራቱ ጋር ይርጅ

ጅማ አጂፕ ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ የምነዳው የ2003 ስሪት ራቭ ፎር ነው፤ ፎር ዊል። ከአጋሮ ስመለስ የኋላ ቀኙን ጎማ ድንጋይ ጎኑን ቀደደው። ኋላ በሩ ላይ የተሰቀለውን ስኮርት፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማዬን፣ አስሬ ገባሁ። ስኮርቱ መሬት ነክቶ አያውቅም። ሌሎቹ ግን 28,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። አሁን መሪውን ሙሉ ስጠመዝዝ መኪናው ይከብደኛል፤ የሆነ ነገር ወደ ኋላ የሚይዘው ይመስላል። አንዱ ጎሚስታ ‹የተቀደደው ላይ ካላማዳሪ አስገብተን እንመልስልህ› አለኝ። ሌላው ‹አራቱንም ቀይር› አለ። ቅዳሜ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በዚያ ስኮርት አዲስ አበባ አትሂድ። ከመንገድ አውጥቶ ቤት አስገብቶሃል፤ ሥራው እዚያ ላይ አብቅቷል።

የካላማዳሪውን፣ ማለትም ጎማው ውስጥ የሚገባውን የነፋስ ላስቲክ፣ ነገር ደግሞ እርሳው። ሚስማር ጥርሱ መሃል ላይ ከወጋው ጎማው ይለጠፋል፣ በሰላምም ይሄዳል። ጎኑ ግን ሌላ ነው። ክብደት ተሸክሞ የሚተጣጠፈው ጎኑ ነው። ውስጡ ያለው ክር አንዴ ከተቆረጠ ካላማዳሪው በቀዳዳው በኩል እያበጠ ይወጣል። ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርድ ጎማው ይግላል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን አስበው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ያንተ መኪና ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ነው የሚያዞረው። መሃል ላይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ዲፈረንሻል አለ። ከሱ ጋር ቪስከስ የሚባል ክፍል ተገጥሟል፤ ውስጡ ስስ ስስ ብረቶችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ነው። የፊቱና የኋላው እኩል ሲዞሩ ዝም ይላል። አንዱ ወገን ሲፈጥን ፈሳሹ ይታሻል፣ ይግላል፣ ይይዛል። ገንፎ እየጠነከረ ሲሄድ ማማሰያውን እንደሚይዘው ማለት ነው። ጭቃ ውስጥ አንዱ ጎማ ሲሾር የሚያወጣህ እሱ ነው። ግን የተሠራው ለአፍታ እንዲይዝ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲታሽ እንዲውል አይደለም።

ሁለቱ ጎማዎች ምን ያህል ቢለያዩ ነው ትል ይሆናል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ያንተ የሄዱት 4 ሚሊ ቢቀራቸው ልዩነቱ 5 ሚሊ ነው። በ215/70 ባለ 16 ጎማ አስልቼዋለሁ። አዲሱ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 450 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ያለቀው 456 ጊዜ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ እስክትደርስ ያለቀው የኋላ ግራው ከአዲሱ ቀኝ ከ2,000 ዙር በላይ ይበልጣል። ለኋላ ግራና ቀኝ ጎማ ኃይሉን የሚያካፍለው የኋላው ዲፈረንሻል መንገዱን ሙሉ ያለ እረፍት ሲሠራ ነው የሚደርሰው። የልዩነቱ ግማሽ ደግሞ መሃል ላይ ይመጣል። መሪ ስትጠመዝዝ የያዘህም ይኸው ይመስለኛል።

«ታዲያ ሁለት አዲስ ልግዛ» እንዳትል። አንድ ደንበኛዬ ፊት ሁለት አዲስ አሰረ፣ ኋላ ሁለት የላሙ ተወ። የቡናውን ሰሞን ቦንጋ ሲመላለስ ከረመ። እኔ ጋ ሲመጣ መኪናው በየኩርባው ይንዘፈዘፍ ነበር፤ ቪስከሱ ተቃጥሏል። የሁለት ጎማ ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ ከዚያ ብዙ እጥፍ ከፈለ። አስቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለአሁኑ የምመክርህ አንድ ያገለገለ ጎማ ነው። መጠኑም ዓይነቱም ከሌሎቹ ጋር አንድ የሆነ፣ እኩል ያለቀ። ክብሪት እንጨት ጥርሱ መሃል ክተትና በጥፍርህ ምልክት አድርገህ በማስመሪያ ለካው። ሌሎቹም ላይ እንዲሁ። ከዚያ ሁሉንም እኩል ነፋስ አስሞላና ዙሪያቸውን በሲባጎ ለካ። በዙሪያው ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣ ግን ገንዘብ አትክፈል። ውስጡን በእጅህ ዳስሰው። የጎማ ዱቄት ካገኘህ ወይም ዙሪያውን የተፋቀ መስመር ካየህ ነፋስ ሳይኖረው የተነዳ ነው። ተወው።

ዕድሜውንም ተመልከት። ጎኑ ላይ DOT ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻው አራት ቁጥር ነው። 1215 ካለ በፈረንጆች 2015 ዓመት በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ይህን ያንተም ስኮርት ላይ አንብበው። መሬት ስላልነካ አዲስ ነው ብለሃል፤ ግን በሩ ላይ ተሰቅሎ የጅማን ፀሐይና ዝናብ ስንት ዓመት ጠጣው? ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ስንት ስኮርት አይቻለሁ! 10 ዓመት ካለፈው አትመነው።

እነዚህን አራቱን አብረው እስኪያልቁ ንዳቸው። ቀጥሎ ስትገዛ አምስት ግዛ። አውቃለሁ፣ ገንዘቡ ይከብዳል። ግን ስኮርቱም ተራ ገብቶ ሲሠራ በአራት ጎማ 40,000 የምትሄደውን በአምስት 50,000 ትሄዳለህ። ብሩ አይጠፋም። ደግሞ አንዱ ጎማ በድንጋይ ቢቀደድ የምታስረው ስኮርት ከሌሎቹ እኩል ያለቀ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቀት አይገጥምህም።

ማዟዟሩን በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ አድርገው። ስኮርቱን ኋላ ቀኝ እሰረው። የኋላ ቀኙ ወደ ፊት ቀኝ ይምጣ። የፊት ቀኙ ተሻግሮ ኋላ ግራ ይሂድ። የኋላ ግራው ወደ ፊት ግራ ይምጣ፤ የፊት ግራው በሩ ላይ ይረፍ። ጎኑ ላይ የቀስት ምልክት ያለበት ጎማ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚዞር እንዲህ አይሻገርም። ስትገዛ ቀስት የሌለውን ምረጥ።

ፎር ዊሉን በማርሽ የምታስገቡ የፒክአፕ ባለቤቶች፣ ጣጣችሁ ቀለል ይላል። ባልተመጣጠነ ጎማ ስትነዱ በሁለት ጎማ ብቻ ሂዱ፤ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገቡ።

ቅዳሜ ከመነሳትህ በፊት ጎማዎቹን የሚያስሩትን ዳዶዎች በመስቀለኛ አጥብቅ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ቁምና ድገመው። በሩ ላይ ስኮርቱን የሚይዙት ብሎኖች በእኛ ዝናብ ዝገው ይጣበቃሉ። ዛሬ ፍታቸውና ትንሽ ግሪስ ቀባቸው፤ የሚዞሩትን ጎማዎች ዳዶ ግን ግሪስ እንዳታስነካ።