የጳጉሜን 3 ኩርፊያ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። እናቴ የምትኖረው ወሎ ነው፤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከውሃው ዳር ባለች ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን በየዓመቱ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከአዲስ አበባ ሄደን እሷ ጋ እንሰነብታለን። የምንመለሰው ጳጉሜን 3 ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ፍቅር ነው፤ የመጨረሻዋ ቀን ግን ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ናት። ባለቤቴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልወጣን ይላል። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ድፎ ዳቦ ትደፋለች። ልጆቹ ደግሞ የሩፋኤል ዝናብ ካልመታን ብለው ይወጣሉ። ዘንድሮ ሻንጣው ሁሉ ከተጫነ በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ፣ ልብስ ፍለጋ ሻንጣ አውርደን ስንበረብር ዳቦውም ገና አልበሰለም ነበር፣ ይሄኔ ባለቤቴ «አዲስ አበባ ዳቦ የለም ወይ? በየዓመቱ በእርስዎ ዳቦ ነው የሚመሽብን!» ብሎ ጮኸባት። አንድ ቃል አልመለሰችለትም። ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ገባች። ሌላ ጊዜ መኪናው አስፋልት እስኪገባ ቆማ ትሸኘናለች። ዘንድሮ ዞር ብዬ ሳይ በሩ ላይ ሰው የለም። ኮምቦልቻ ስንደርስ ዳቦው ገና ይሞቅ ነበር። አሁን ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትልና ትዘጋለች። ባለቤቴ «ይረሳል፣ ተይው» ይለኛል። ምን ላድርግ?
(ዳቦ ታቅፌ ያለቀስኩት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደሴ ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ያለ ዳቦ እኔም ታቅፌ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ።

እናንተ ያቺን ቀን የምታዩዋት በሂያጅ ዓይን ነው። ሻንጣው፣ ነዳጁ፣ መንገዱ። ለእናትሽ ግን ሌላ ቀን ናት። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ያለውን አስቢው። ፍራሹን ከመሬት የሚያነሳው ማነው? ገመድ ላይ የተረሳችውን የልጅ ካልሲ የሚያገኛትስ? ትናንት ሲኒው አልበቃ ብሎ ከጎረቤት የተዋሰች ሴት ዛሬ ለራሷ አንድ ሲኒ ትቀዳለች። እናንተ ማታ አዲስ አበባ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ነገር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። እሷን የሚጠብቃት ውሃውና ዝምታው ነው።

ዳቦውን አሁን እይው። ሊጥ ኩፍ እስኪል ማንም አያስቸኩለውም። ከተደፋ በኋላም እሳቱ ከታች አለ፣ ከላይ አለ፣ የኮባው ቅጠል እስኪጠቁር መጠበቅ ነው። ዳቦው ሳይወጣ ደግሞ መኪና አይነሳም። እናትሽ «ትንሽ ቆዩልኝ» ማለት ከብዷት ነው ዳቦ የጋገረችው። ባለቤትሽ የጮኸው በዳቦው ላይ መስሎት ነበር፤ የደረሳት ግን «አንቺ ጋ መቆየት አንፈልግም» ሆኖ ነው።

እሱም ክፉ ሰው አይመስለኝም። ከሐይቅ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጳጉሜን ዝናብ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጣርማ በርን በጉም መውጣት፣ ልጆች ከኋላ ተኝተው፣ ቀኑ እየመሸ… የሚፈራው እውነተኛ ነገር ነው። በጊዜ እንውጣ ማለቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ቀኑን ነው።

ጳጉሜን 4 ውጡ። በቃ፣ አንድ ቀን ጨምሩ። ጳጉሜን 2 ማታ ሻንጣውን ጫኑና መኪናውን ቆልፉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል አስቀሩ። ጳጉሜን 3 ማንም ሻንጣ አይንካ። ልጆቹ ዝናቡን ይመቱ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለን እኛም ራቁታችንን ሮጠንበታል፤ ይሄን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አያገኙትም። እናትሽ ዳቦዋን በቀን፣ በሰላም ትድፋ፣ አንቺም አጠገቧ ተቀምጠሽ ኮባውን አጣጥቢላት። ቀኑ ረቡዕ ወይም አርብ ካልዋለ ጠዋት ከአጥማጆቹ ቆሮሶ ገዝታችሁ ጠብሳችሁ ብሉ።

ቡናው ደግሞ እስከ በረካ ይጠጣ። አቦል ጠጥቶ ሰዓት እያዩ መነሳት ወሎ ውስጥ ደግ አይደለም፤ ምርቃቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ያቺን ሲኒ ያዋሰችውን ጎረቤትም ጥሯት። ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ ወሎ ውስጥ ለመንገደኛ የምትመርቀው ጎረቤት ናት፣ እናንተ ስትሄዱም ከእናትሽ ጋር የምትቀመጠው እሷ ናት። «አብሽሪ» የምትላትም እሷው። ስለዚህ ባለቤትሽ ለጎረቤቷ በእጁ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ይግባና «እናታችንን አደራ» ይበላት። ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ስትወጡ ያኔ የሚያቆያችሁ የለም፤ እናትሽም በሩ ላይ ትቆማለች።

ይሄ ለከርሞ ነው። የዘንድሮው ግን ይረሳል ብለሽ አትተይው። አማች አማቱ ላይ ጮኾ በስልክ «ይቅርታ» ማለት አይበቃም፤ አንቺም በእሱ ፈንታ ይቅርታ አትጠይቂ። እሱ ራሱ ይሂድ፣ ከመስቀል በፊት፣ ልጆቹን ሳይዝ፣ ብቻውን። እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ካልሆነ በአውቶብስ ደሴ ይደር፣ ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገብቶ ይቀመጥ። ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ አያውራ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ይበልና ዝም ይበል፤ ቀጥሎ ያለውን ለእሷ ይተውላት።

አንቺ ደግሞ ዛሬ ደውይላት። ደህና ነሽ ወይ አትበያት፣ መልሱን ታውቂዋለሽ። ዳቦውን ንገሪያት። ማን ቆረሰው? ልጆቹ ከሻይ ጋር ስንት ቀን በሉት? ቅርፊቱን ማን ተሻማ? ያ ዳቦ ሳይበላ ተጥሎ ይሆን እያለች እስካሁን እያሰበች ነው።

ጥያቄ፦ እኛም በየዓመቱ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይተን እንሰነብታለን። ልንመለስ ስንል ምንጣፉንና አንሶላውን ሁሉ ውሃው ዳር ወስደን በኦሞ አጥበን ነው ቤቱን የምናስረክበው። ዘንድሮ አንድ ሽማግሌ ተቆጡን። ይሄን ያህል ውሃ ባለበት የኛ አረፋ ምን ያደርጋል?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሽማግሌው ልክ ናቸው። ወንዝ ላይ ብታጥብ ቢያንስ አረፋው ይሄዳል። ይሄ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ግን መውጫ የለውም። ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፣ ከየተራራው የሚወርደው ጎርፍ ይገባበታል፤ ከላዩ ግን አንድም ወንዝ አይወጣለትም። ውሃው በፀሐይ ይተናል እንጂ ሳሙናው አይተንም። የገባው እዚያው ነው። በየዓመቱ የእናንተ፣ የጎረቤታችሁ፣ የእንግዳ ማረፊያው ሲደመር ደግሞ አልጌውን ይመግበዋል፤ ውሃው ይወፍራል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ያን ዓሣ አጥምዶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አለ።

ውሃ በባልዲ ቅዱና ከዳሩ ራቅ ብላችሁ፣ ጓሮ አፈር ላይ እጠቡ፣ እጣቢውም እዚያው ይደፋ። ምንጣፉን አራግፉት እንጂ አትጠቡት፤ ለአንድ ቀን ብላችሁ በክረምት ብታጥቡት አይደርቅም፣ ይሻግታል። ሽማግሌውን ደግሞ ለከርሞ ስትመጡ ቤታቸው ሂዳችሁ ሰላም በሏቸው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ሰንብተን በምንመለስበት በመጨረሻው ቀን ግማሽ ቀን ትርፍ አለን። ከባለቤቴ ጋር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን አይተን ብንመለስስ?
(አዲስ ሙሽራ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ነው፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመነኮሳት ቦታ ነው። አንተ ገብተህ ብራናውንና ሙዚየሙን ስታይ እሷ ደጅ ትጠብቃለች ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ይሄን አታድርግ። ስትመጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እሷ ገበያ ወይም ዘመድ ጋ ስትሄድ ለብቻህ ግባ።

ግማሽ ቀኑን ለሁለታችሁ አድርጉት። ገዳሙ ከሩቅ የሚታይበት ዳር ፈልጋችሁ ተቀመጡና የሐይቁን ተረት ንገራት። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። አንዲት ልዕልት በደለቻት፣ ፈራጅም አጣች። እግዚአብሔር ተቆጣና አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። ሳይሰጥም የቀረው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው ይላሉ፤ ያኔ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ በእግር ይኬዳል።