መልስ፦ ዓመቱን መለስ ብዬ ሳየው ክፉው ብቻ ይመጣብኛል

እህቴ፣ «2017ን መለስ ብዬ ሳስብ ክፉው ብቻ ይመጣብኛል፤ እንዴት ልጻፈው?» ላልሽው፦ በትዝታ አትጀምሪ። ትዝታ የቅርቡንና የሚያመውን ያስቀድማል፤ ሐምሌ ከከፋ መስከረምና ጥቅምት ጭራሽ ይረሳሉ።

አንድ ወረቀት ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ለየወሩ አንድ፣ 13 መስመር አስምሪ። ከዚያ የስልክሽን ፎቶዎች፣ የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን ወር በወር ክፈቺ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017ን የምታገኚው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ ነው። መልእክቶቹን አደራ እንዳትዘያቸው። ፎቶ የሚነሳው ባብዛኛው በደስታ ቀን ነው፤ ለመድኃኒት ቤት የተከፈለው 850 ብር ግን ማንም ፎቶ ያላነሳውን ሳምንት ያሳያል።

በየመስመሩ አንድ ደግ፣ አንድ ክፉ ነገር ጻፊ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጎኑ ላይ «በእጄ» ወይም «ከእጄ ውጪ» በይበት። ይቺን ምልክት በፍጹም አትተያት፤ የወላጅ ሕመምና በወቅቱ ያልተከፈለ ዕዳ አንድ ላይ ሲደመሩ ነው ሰው ባላጠፋው ራሱን የሚወቅሰው።

በአንድ ማታ ለመጨረስ አትሞክሪ። ጳጉሜን ቢያንስ 5 ቀን አላት፣ በቀን ሦስት ወር ይበቃል። ሐዘን ያለበት ወር ላይ ስትደርሺ ቀኑን ብቻ ጽፈሽ እለፊ፤ በማግስቱ ትመለሺበታለሽ።