ልጄ ሳትመታ ገላዋ ይበልዛል ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የ6 ዓመት ልጅሽ ሳትወድቅ ሳትመታ እግሯ ይበልዛል፤ ነስር ይመላለስባታል። ሸዋ ሮቢት አስመርምረሻት ፕላትሌቷ፣ ማለትም መድማትን የሚያቆመው የደም ክፍል፣ 34 ሺህ ብቻ ነው ተብለሻል፤ አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ልታመጫት ነው። ጎረቤት ደግሞ «የደም ካንሰር ነው» ብሎ እንቅልፍ ነስቶሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን በ27 ዓመቴ ፕላትሌቴ 9 ሺህ ወርዶ ያውቃል። ዛሬ ደብረ ብርሃን ሁለት ልጆቼን እያሳደግሁ ነው የምጽፍልሽ።

የእኔ የጀመረው በወር አበባ ነው። አምስት ቀን የነበረው አሥራ አራት ቀን ሆነ። ሞዴስ በየሰዓቱ መቀየር ጀመርኩ። ለማን ይወራል? ዝም አልኩ። ቀጥሎ ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያው ደም ይነካው ጀመር። አንድ ማታ እግሬን ስታጠብ እናቴ የስልኳን መብራት አስጠጋች። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። «ቁንጫ ነው» አለች። መንዝ ያደገ ሰው ግን ቁንጫን አይስተውም፤ ቁንጫ ያሳክካል፣ ያባብጣል። ይሄ አያሳክክም። በጣት ስዳብሰው ምንም ነገር የለም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ደም ማነስ ነው» ብለው የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። ወገቤንም ያመኛል ስላልኩ ዳይክሎፌናክ ወጉኝ። የተወጋሁበት ቦታ በማግስቱ መዳፍ አክሎ ጠቆረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የቀሩትን ጥቂት ፕላትሌቶች ሥራ ያስፈታሉ። አስፕሪንማ የነካውን ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ ነው የሚያሰንፈው፤ የፕላትሌት ዕድሜ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ልጅሽን ቢያተኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ ስጫት። የመርፌ መድኃኒት ሲታዘዝላትም «ፕላትሌቷ ዝቅተኛ ነው» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

ሁለተኛው ሐኪም የሻይ ብርጭቆ አስመጣ። እግሬ ላይ ጫን አደረገና «በመስታወቱ ውስጥ እዪው» አለኝ። ብዙው ሽፍታ ሲጫኑት ይጠፋል። የእኔ ነቁጦች ግን ንቅንቅ አላሉም። ደሙ ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ሥር ተኝቷል ማለት ነው። አንቺም ቤትሽ ሞክሪው።

ፕላትሌት በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚሠራ ደቃቅ የደም ክፍል ነው። ደም ሥር ሲቀደድ ቀድሞ የሚደርሰውና ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ሲሆን ደህና ይባላል። ሲያንስ ደሙ የሚታየው በቆዳ፣ በድድ፣ በአፍንጫ፣ በሴት ደግሞ በማኅፀን ነው። ጉልበትና ክርን ውስጥ እየፈሰሰ የሚያሳብጠው ሌላ ነው፤ እሱ ሄሞፊሊያ የሚባለው ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ወረቀት እንምጣ። አንደኛ፣ ያ 34 ሺህ እውነተኛ ቁጥር መሆኑ ይጣራ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳ ደም ውስጥ አንዳንድ ሰው ፕላትሌቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ማሽኑም ያሳንሰዋል። ነስርና መበለዝ ስላለባት የእሷ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ደሙን መስታወት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ እንዲያዩላት ጠይቂ። ካስፈለገም ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ እንደገና ይቀዳል።

ሁለተኛ፣ የእናንተ አገር ቆላ ነው። ወባ ፕላትሌትን ታወርዳለች። ትኩሳት ካላት የወባ ምርመራ አይታለፍ።

ሦስተኛ፣ ካንሰር የሚሉሽን በተመለከተ፦ ያው ወረቀት ላይ ነጭ የደም ሴልና ሄሞግሎቢን አለ፤ እነሱን አሳዪ። እነሱ ደህና ሆነው፣ ልጅቷም እየበላችና እየተጫወተች ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ አይቲፒ የሚባለው ነው። ጉንፋን የመሰለ ነገር ካለፈ በኋላ የሰውነት መከላከያ የገዛ ፕላትሌቱን ጠላት አድርጎ ያጠፋዋል። ማጥፊያው በአብዛኛው ጣፊያ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ልጆች በ6 ወር ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። ደሙ ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት ሳይሰጥ ሊከታተላት ይችላል። ያኔ «ችላ አሉኝ» ብለሽ አትናደጂ፤ ሕክምናው እንደዚያ ነው። እሷ ግን ነስር ስላለባት ይህን የሚወስነው አይቷት ነው። ግን ከከሳች፣ አጥንቴን አመመኝ ካለች፣ አንገቷ ወይም ብብቷ ላይ ንፍፊት ካለ፣ ወይም እየገረጣች ከሄደች ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። ይህን ሳትጠየቂ ንገሪ።

ነስሩን ላንሳ። እኛ አገር ጭንቅላትን ወደ ኋላ አቅንተው ውኃ ያፈሱበታል። ደሙ ግን ጉሮሮዋ ውስጥ ነው የሚገባው። ቁጭ አድርጊያት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ትበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫዋን ክፍል ጨምቀሽ ሳትለቂ 10 ደቂቃ ያዢ። በየደቂቃው ለቀቅ እያደረጉ ማየት የደፈነውን ይከፍተዋል። ደብረ ብርሃን ስትመጡ ብርዱና ነፋሱ አፍንጫ ያደርቃል፤ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢያት።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ ጥርስ በባሕላዊ መንገድ ማስነቀል፣ እነዚህ ሁሉ ለእሷ አደጋ ናቸው። አያቶች በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ አውቃለሁ። እምቢ በዪ። ጸበል አትውሰጃት አልልሽም፤ እኔም ሄጃለሁ። ክትትሉን ግን እንዳታቋርጪ።

ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ጭንቅላቷን መመታት፣ ከ20 ደቂቃ በላይ የማይቆም ነስር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ አፏ ውስጥ ደም የቋጠረ እብጠት፦ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ከባድ ደም መፍሰስ በብዛት የሚያሰጋው ቁጥሩ ከ20 ሺህ፣ ይልቁንም ከ10 ሺህ በታች ሲወርድ ነው። ግን ከቁጥሩ ይልቅ ደሙን እዪ።

እኔ ፕሬድኒሶሎን ነው የተሰጠኝ። ኤችአይቪ፣ ጉበትና የጨጓራ ባክቴሪያም አብረው ታዩልኝ፤ እነሱም ፕላትሌት ያወርዳሉ። ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበር የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፤ «ብዪ ልጄ» አሉኝ። ፊቴ ድቡልቡል አለ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከጎረቤት ጋር ያለ ምክንያት ተጣላሁ። በሁለት ሳምንት 96 ሺህ ገባሁ። ኪኒኑን በራስ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ማቆም አይቻልም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሱት። ወንድሜ «ደሜን ውሰዱና ፕላትሌት ስጧት» ብሎ ለምኖ ነበር። ሐኪሙ ሰውነቴ የተሰጠኝንም ስለሚያጠፋው ለሕይወት አስጊ ደም ካልፈሰሰ እንደማይሰጥ አስረዳው። ዛሬ ያለ መድኃኒት ከ70 ሺህ አልዘልም። ግን አልደማም።

ወረቀቱን አይታችሁ «ቁጥሬ ሙሉ ነው፣ ግን እደማለሁ» የምትሉም አላችሁ። ቁጥሩ ሞልቶ ሥራው የሚጎድል፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ችግር አለ። ከልጅነት ጀምሮ የሚደማ፣ ጥርስ ሲነቀል የማይቆምለት ሰው ካለ ለሐኪሙ ይህንን ታሪክ ይንገር፤ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ብቻውን አያሳየውም።

እህቴ፣ ጣርማ በርን ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ያንን የ34 ሺህ ወረቀት ይዘሽ ነይ። አዲሱ ውጤት የሚነበበው ከእሱ ጋር ተያይቶ ነው። የነጭ ሴሉንና የሄሞግሎቢኑን ቁጥር ደግሞ ዛሬ ማታ እዚህ ጻፊልኝ።