«ጂን እንኳን ሲወደኝ ባሌ አይቀናም»

ከደሴ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ 29 ዓመቷ ነው፣ ካገባች 4 ዓመት ሆኗታል፣ ቀን ሱቅ ትሰራለች ማታ ማታ ደግሞ ከአንድ አማተር የቲያትር ክበብ ጋር ትተውናለች። ስሟንም የአዳራሹንም ስም ትቼዋለሁ፣ ደሴ እኮ ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው ሰኞ ገበያ ሲደርስ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክበቡ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የሚለማመድበት አዳራሽ አሮጌ ነው፣ ጂን አለበት ይባላል። ጣሪያው ላይ ሰው ይራመዳል፣ ከኋላ ያሉት ታጣፊ ወንበሮች ማንም ሳይነካቸው ጧ ብለው ይታጠፋሉ፣ ዘበኛው አባባ ደግሞ «ቢስሚላህ ሳትሉ እንዳትገቡ» እያሉ በር ላይ ያስጠነቅቃሉ። ከጥቅምት ወዲህ ይሄ ጂን ፍቅር ያዘው። እህታችን ኮሜዲው ላይ አሮጊት ሆና ነው የምትሰራው፣ የአሮጊቷ ካፖርት ኪስ ውስጥ በየሳምንቱ ወረቀት ታገኛለች፣ ጽሑፉ እንደ ፊደል ገበታ ተለይቶ ተለይቶ የተጻፈ ነው። አንዱ ሳምንት «ዛሬ መጨረሻው ላይ ስታለቅሺ እኔም አለቀስኩ» ይላል። አንዱ ሳምንት ደግሞ፣ ሳል ይዟት ከክበቡ ሰው ሁሉ ደብቃ በምትለማመድበት ጊዜ፣ በጥቁር ናስትሮ የታሰረ አንድ እፍኝ ጦስኝ አገኘች። ባለፈው የመጣው ግጥም ነው፦

ቀን ቀን አፍ የለኝም ማታ ነው ምላሴ፣
ሳቅሽ እስኪያልፍ ድረስ ጨለማ ነው ዋሴ።

ወረቀቶቹን ለክበቡ ልጆች ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ባለቤቷ ኤሌክትሪሻን ነው፣ የክበቡን መብራት በነፃ የሚሰራላቸው እሱ ነው፣ እሷ ስታነብ መሰላል ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶ አምፖል ይቀይራል። «እስኪ ከጂኑ ተማር» ስትለው «እሺ» ብሏታል፣ በቃ። ጥያቄዋ ሁለት ነው፣ ባሌ የማይቀናው ስለማይወደኝ ነው ወይ፣ ጂኑስ ማነው? ለሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹ መጋረጃ ጀርባ ተደብቀው በስልክ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ሊለቁት ተስማምተዋል።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ሳነበው እየሳቅኩ ነበር፣ ወንበሩ ሲታጠፍ ዳይሬክተራችሁ ስክሪፕቱን ጥሎ የሮጠባትን ቦታማ ለባለቤቴም አነበብኩላት። ሁለተኛ ሳነበው መቁጠር ጀመርኩ። ስለ ጂኑ ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈሻል፣ ስለ ባለቤትሽ ስምንት መስመር። ከስምንቱ አንዷ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ እንዳለች ላስቀምጣት፦ «ግጥም ምናምን አይሆንለትም፣ አምና ልደቴን እናቴ ቤት ስናከብር ወረቀት አውጥቶ ሊያነብልኝ ተነስቶ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም በሳቅ ሞትን፣ እህቴ ቀርጻዋለች አሁንም ሲደብረን እናየዋለን።» ከዚያ ወዲያው ወደ ጂኑ ትመለሻለሽ። እኔ ግን መመለስ አቃተኝ።

እስኪ ያችን ቀን አንዴ ልያት። ቀን ቀን ሽቦ ሲጎትት የሚውል ዝምተኛ ሰው ነው፣ አማቱ ቤት ነው ያለው፣ ቡናው ቀርቧል፣ ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፣ ተነሳ። ያን ወረቀት ስንት ማታ እንደጻፈው ስንት ጊዜ እንደቀደደው አናውቅም። እጁ ተንቀጠቀጠ። ሳቃችሁ። ግጥሙ ምን ይል እንደነበር ግን አልጻፍሽልኝም፣ የምታስታውሽው አይመስለኝም፣ ምናልባት እስከመጨረሻው አልሰማሽውም።

ደግሞ እናንተ አገር ግጥም ቀላል ነገር አይደለም። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች እኮ ስማቸው ከወሎ ቦታዎች የመጣ ነው፣ ሰርግ ላይ በመንዙማው በእንጉርጉሮው ቃል እንደ ውሃ የሚፈስላቸው ሰዎች መሀል ያደገ ወንድ፣ ሚስቱ ፊት ሁለት መስመር ሲያቅተው የሚሰማው ሀፍረት ሌላ ቦታ ከሚሰማው እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ተቀርጿል። በዚያ ላይ ሲደብራችሁ ይታያል። ሲታይ እሱ ቤት ውስጥ ነበረ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፣ መልሱን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ግጥሟን እንደገና አንብቢያት። «ሳቅሽ እስኪያልፍ ድረስ» ነው የሚለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስደነግጥ ጂን የአንዲት ሴት ሳቅ ምን አድርጎት ነው ጨለማን ዋስ የሚጠራው? ይሄን መስመር የሚጽፍ ሳቅሽ አንድ ቀን ያቆሰለው ሰው ነው።

ጦስኙም አለ። ሳሉን ከክበቡ ሰው ሁሉ ደብቀሻል፣ ሌሊት ሌሊት ስትስይ አጠገብሽ ተኝቶ የሚሰማሽ ግን አንድ ሰው ነው። ናስትሮ ደግሞ የማን ኪስ ውስጥ እንደማይጠፋ አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ደግሞ እንደ ስሞታ ጽፈሽልኛል፣ ባለቤትሽ ዝንጉ ነው፣ ልምምድ ሲያልቅ ሁሉንም መብራት አጥፍቶ ወደ ልብስ መቀየሪያው በሚወስደው ደረጃ ላይ ያለችውን አንዷን ይረሳል፣ አባባም በቆጣሪው ምክንያት ይቆጣሉ ብለሻል። የሚረሳ ሰው ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ነው የሚረሳው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይረሳም። መጨረሻ ላይ ልብስ ቀይራ የምትወጣው ማን ናት? ኒውዮርክና ለንደን ያሉ ብዙ ቲያትር ቤቶች ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መድረኩ ላይ አንዲት አምፖል አብርተው ነው የሚያድሩት፣ ለመናፍስቱ ነው የሚል ወሬ አለ፣ ዋናው ጥቅሟ ግን በጨለማ የሚገባ ሰው ወድቆ እንዳይሰበር ነው። ባለቤትሽ ይሄን ወሬ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ አንቺ ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ ግን ያስባል።

ልሳሳት እችላለሁ። የማውቀው በወረቀት የመጣልኝን ብቻ ነው። የጂንን ጉዳይ ለሃይማኖት አባቶች ልተወው፣ ጣሪያው ላይ የሚራመደውን ግን ቆርቆሮው ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀው ቆርቆሮ ማታ ብርዱ ሲመጣ እየተኮማተረ ቋ ቋ ይላል። ወረቀቶቹ የባለቤትሽ ካልሆኑ ደግሞ ሳቁን አቁሚ፣ የማታውቂው ሰው ልብስሽ ኪስ ውስጥ እጁን እየከተተ ነው ማለት ነውና በዚያው ቀን ለዳይሬክተሩም ለአባባም ለባለቤትሽም ንገሪ።

ወረቀት ስታገኚ ልብሽ ድው ድው እንደሚልና «እንደ ጉርምስና ፍቅር» እንደሚሆንብሽ የጻፍሽውን አልናቅኩትም። ስሜቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳተንና አሮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ወንዶችን አንዲት ሴት እንድታናግራቸው አድርገው ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻቸው፣ ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው ይልቅ ኋላ በብዛት የደወሉላት የሚወዛወዘው ላይ ያሉት ነበሩ። ልብ በፍርሀት ሲመታ አእምሯችን አንዳንዴ ፍቅር ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ጨለማው አዳራሽ ያንቺ ድልድይ ነው፣ ቤትሽ ደግሞ የማይነቃነቀው ድልድይ ሆኖብሻል፣ እና ያው ሰው ሁለቱም ድልድይ ላይ ቆሞ ከሆነ አንደኛው ላይ ጀግና ሌላኛው ላይ ድንጋይ መስሎ ይታይሻል።

ድንጋይ ብለሽዋል። እኔ ከልቤ የምለምንሽ ይህችን ቃል እንድትመረምሪያት ነው። ከሰው ጋር አብሮ መሳቅና በሰው ላይ መሳቅ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፣ ጥርሱም ድምፁም አንድ ነው፣ መሀል የቆመው ሰው ግን ልዩነቱን በአንድ ሰከንድ ያውቀዋል። ክፋት አልነበረሽም፣ ይሄን ከጽሑፍሽ አያለሁ፣ ቤታችሁ ሳቅ የሚወድ ቤት ነው። ግን ሰው ፍቅሩን አንዴ በአደባባይ አውጥቶ ሲሳቅበት ፍቅሩ አይጠፋም፣ በር ይቀይራል። ብዙ «ዝምተኛ» የሚባሉ ባሎች ቢሮዬ መጥተው ሳናግራቸው፣ ዝም ያሉበትን ቀን በቀኑ የሚያስታውሱ አሉ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ ቡናው ስንተኛው እንደነበረ ሳይቀር። ሚስቶቻቸው ግን ያችን ቀን አያስታውሷትም፣ ለነሱ የሳቅ ቀን ነበረቻ።

የማይቀናውም ለዚህ ይመስለኛል፣ በማን ይቅና? ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ያ «ከጂኑ ተማር» ያልሽው ነው። ቃሎቹን እንደወደድሻቸው ሰማ፣ የሱ መሆናቸውን ግን ሊነግርሽ አይችልም፣ አሁን ከመሰላሉ ወርዶ «እኔ ነኝ» ቢል ሙሉ ክበብ እንደገና ይስቃል፣ ለዚያውም በካሜራ። መደበቁን ትክክል ነው አልልም። የልደትሽ ቀን «ተጎድቻለሁ» ማለት ነበረበት፣ ሚስትን ወራት ሙሉ በጂን ማጫወትም መጨረሻው ላያምር ይችላል። እሱ ቢጽፍልኝ ኖሮ ይህንኑ እነግረው ነበር።

የሐሙሱን ወጥመድ ተይው። ልጆቹን «ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ» በያቸው፣ ምክንያቱን አታብራሪ። «አንተ ነህ አይደል» ብለሽም አታፋጥጪው፣ ፖሊስ ጣቢያ አይደላችሁም። ከሆነልሽ ለሁለታችሁ ብቻ ቡና አፍልተሽ፣ ዘመድ ሳይኖር፣ «አምና ያቋረጥንህን ግጥም ልስማው» በይው። ምናልባት «ጠፍቷል» ይልሻል፣ ምናልባት ዝም ይላል፣ አትገፋፊው፣ ለሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ካነበበልሽ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ወረቀቱን ሳይሆን እሱን እዪው። ነገሩ ከዚህ ከጠጠረ፣ ወይም ይህን አንብበሽ «ሳቃችን ብቻ አይደለም ሌላም አለ» ካልሽ፣ ደብዳቤ አይበቃም፣ እዚያው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አንድ የምክር ባለሙያ ጋ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ፊት ለፊት ብትነጋገሩ ደስ ይለኛል።

ቪዲዮውን ግን ዛሬውኑ አጥፊው፣ እህትሽ ስልክ ላይ ያለውንም።