«ሦስት ዓይነት ክኒን እየዋጥኩ ውኃ ውስጥ እገባለሁ»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ጠላቂ ዋናተኛነት ነው። ሰው ውኃ ሲወስደው የምንጠራው እኛ ነን።

በከተማው ዳር ዳር ድንጋይ ሲወጣባቸው የቆዩ ጉድጓዶች አሉ። ክረምት ሲመጣ ውኃ ያቁራሉ። ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። አምና ሐምሌ ላይ አንድ ልጅ አወጣሁ። ውኃው ጭቃ ስለሆነ ዓይን አያይም፣ በእጅ እየዳበስን ነው የምንፈልገው። መጀመሪያ እጄ የገባው ኮንጎ ጫማው ነው። እግሩ ላይ ነበር። ይዤው ስወጣ እናቱ ዳር ላይ ቆማ «ቀስ አድርገህ ያዘው፣ ቀስ አድርገህ ያዘው» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ሳጥብ እግሯን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሁን የምታጥባት እናቷ ናት።

ሠፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ስል ዲያዜፓም የሚባል የሚያስተኛ ክኒን ተጻፈልኝ። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። ምን እንዳየሁ አልተጠየቅኩም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከወር በኋላ ሌላ ቦታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ተጨመረልኝ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ፍሎክሰቲን፣ እሱም የድብርት ነው። የፊቱን አቁም ያለኝ የለም። ይኸው ክኒን ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ።

እተኛለሁ። ግን ጠዋት ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም። አፌ ይደርቃል፣ ጭንቅላቴ ይከብደኛል። ባለፈው ልምምድ ላይ ውኃ ውስጥ ሆኜ የገመዱን ምልክት ረሳሁት። ጓደኛዬ ጎትቶ አወጣኝ። አለቃዬ ይህን አያውቅም። «አማኑኤል ይታያል» እንዳልባል ፈርቻለሁ። ባልደረቦቼም ከእኔ አይሻሉም። ፈረቃ ላይ አንዱ እንቅልፍ ሲያጣ ከሌላው ኪስ ክኒን ይቀበላል።

ባለቤቴ «ሁሉንም ጥለህ እንጦጦ ጸበል እንግባ» ትለኛለች። ልጣለው ወይ እትዬ?

ጠላቂው፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም «ቀስ አድርገህ ያዘው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀስ አድርገህ ይዘህላታል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን እንዳየህ የጠየቀህ ሰው አለመኖሩ አሳዝኖኛል፣ አናዶኛልም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አትጣለው። ዲያዜፓምን ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እስከማስከተልም ይደርሳል። የሚቆመው በሐኪም ክትትል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ነው። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት። እንጦጦ ውጡ፣ ተጠመቅ፣ ባለቤትህም ደስ ይበላት። ክኒኑን ግን ይዘህ ውጣ።

እስክትታይ ድረስ ውኃ ውስጥ አትግባ። መኪናም አትንዳ። ከዲያዜፓም ጋር መጠጥ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ፣ ትንፋሽ ያደክማል። ለአለቃህ ሁሉንም መዘርዘር አይጠበቅብህም። «የሚያደነዝዝ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ለጊዜው ዳር ላይ መድበኝ» ማለት ይበቃል። ውኃ ውስጥ አብሮህ የሚገባው ጓደኛህም ሕይወቱ አንተ ላይ ነው።

አሁን ስለ ክኒኖቹ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ስላጣ ብቻ እነዲያዜፓም እንዳይሰጡት ይመክራል። ሰውየው ይተኛል፣ ያየው ነገር ግን ባለበት ይቆያል። በዚያ ላይ ክኒኑ ሱስ ሊሆንበት ይችላል። አንተ የተሰጠህ መጀመሪያ እሱ ነው።

ፍሎክሰቲን ደግሞ ጉበት አሚትሪፕቲሊንን ቶሎ እንዳያስወግድ ይይዘዋል። ስለዚህ የምትውጠው ያው መጠን ቢሆንም ደምህ ውስጥ ያለው ይጨምራል። ዲያዜፓምንም ያቆየዋል። የጠዋቱ ክብደትና የአፍህ መድረቅ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቦታ ሄደህ ሦስት ሰው ጻፈልህ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ግን የለም።

ሐኪሞቹን ጨካኞች ናቸው ብዬ አላስብም። በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ አውቀዋለሁ። ግን ስንቱ የአደጋ ሠራተኛ ነው እንዲህ ክኒን ብቻ ይዞ የሚመለሰው? መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ለቀናት አስከሬን ሲያወጡ የነበሩትን በቴሌቪዥን አየናቸው፣ አመሰገናቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት እያደሩ እንደሆነ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

መድኃኒት ሁሉ ይቅር እያልኩህ አይደለም። ፍሎክሰቲን ከከባድ ነገር በኋላ ለሚመጣ ላንተ ዓይነቱ ሕመም ይታዘዛል፣ የሚረዳቸውም አሉ። ምናልባት ሐኪሙ እሱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ይቀንስልህ ይሆናል። ዋናው ሕክምና ግን ንግግር ነው። የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያችን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቀስ በቀስ፣ በምትችለው ልክ እንድትተርካት ያደርግሃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ሊከብድህ ይችላል፣ እንዳታቋርጥ። የምትሠራበት ግብ ትልቅ አይሁን፤ የልጅህን እግር ማጠብ ይበቃል።

አማኑኤልም ሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። «አማኑኤል ይታያል» የሚልህ ሰው እሱ ራሱ ያንን ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አፍረህ የምትቀርበት ምክንያት የለህም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሴት ልጅ አለችህ። አሚትሪፕቲሊን ለሕፃን በጥቂቱም ቢሆን ገዳይ ነው። ዛሬ ማታ ቆልፍበት። ለጓደኞችህም ከኪስህ አትስጥ። መኖር አስጠልቶህ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ለባለቤትህ ንገራትና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሆስፒታል ስትሄድ የክኒኖቹን ማሸጊያ፣ ባዶውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘህ ግባና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለህ አትጀምር። ከኮንጎ ጫማው ጀምር። ባለቤትህንም ይዘሃት ግባ። አንተ የማታስታውሰውን ሌሊት ነቅታ ያየችው እሷ ናት።