15,300 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ ላይ ከኒውዮርክ ሲንጋፖር ልሄድ ነው፤ የምትቀበለኝ እህቴ ናት። ርቀቱ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሲሉ አየሁ። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብዬ ሳካፍለው 17 ሰዓት መጣልኝ። ቲኬቱ ግን ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ረቡዕ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይደርሳል ይላል፤ ያውም ቀጥታ በረራ ነው። ማክሰኞ የት ገባ?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ቲኬትሽ ልክ ነው። መነሻው በኒውዮርክ ሰዓት፣ መድረሻው በሲንጋፖር ሰዓት ስለተጻፈ ነው ግራ ያጋባሽ። በሐምሌ ሲንጋፖር ኒውዮርክን በ12 ሰዓት ትቀድማለች (በኒውዮርክ የብርድ ወራት 13 ይሆናል)። አንቺ ሲንጋፖር ስታርፊ ኒውዮርክ ገና ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ጉዞሽ 18 ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው።

ከ17 ሰዓቱ በላይ ያለው ደግሞ ከየት መጣ? አንደኛ፣ በቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ ቀስ እያለ መውጣትና መውረዱ ሁሉ አለበት፤ 900 የሚበረው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ብቻ ነው።

ትልቁ ነገር ግን መስመሩና ነፋሱ ነው። ያየሽው 15,300 በሉል ላይ ያለው አጭሩ ርቀት ነው። ሉል ካገኘሽ በሁለቱ ከተሞች መሃል ክር ወጥረሽ እይው፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ነው የሚያልፈው፤ በጠፍጣፋ ካርታ ይሄ ጨርሶ አይታይም። አብራሪዎች ግን ሁልጊዜ ክሩን አይከተሉም። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ እሱን ከኋላ ለማግኘት ወይም ፊት ለፊት ላለመግጠም ሲባል ረዘም ያለውን መንገድ መያዝ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ለንደንና ኒውዮርክን ብናይ፣ ርቀቱ ያው 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ኒውዮርክ 8 ሰዓት፣ ወደ ለንደን 7 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. እንዲያውም አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 አውሮፕላን አውሎ ነፋስ ከኋላ ገፍቶት ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል!

የተዘጋ የአየር ክልልም አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሩሲያ ሰማይ ስለተዘጋበት የፊንላንዱ ፊንኤር ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የነበረው የ9 ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ወደ 13 ሰዓት ሄዷል። ከተሞቹ ያሉት እዚያው ናቸው፣ መንገዱ ነው የዞረው።

ስለዚህ ኪሎ ሜትር ማካፈሉን ተይውና ቲኬቱ ላይ «የጉዞ ቆይታ» የሚለውን እይ። ለእህትሽ «ረቡዕ ሌሊት 10 ተኩል» በያት፤ ማክሰኞ ማታ ስትተኛ ማንቂያ ሞልታ ትተኛ። ፓስፖርትና ሻንጣ ስላለ ከ11 ሰዓት በፊት ባትመጣም ችግር የለውም።