መልስ፦ የአባቴ ፐርፕል ኸርት በዲዲ 214 ላይ አልተጻፈም

ወንድሜ፣ አባትህ በአሜሪካ ጦር ሳሉ ቬትናም ቆስለው የተሸለሙት ፐርፕል ኸርት (በጠላት ለቆሰለ ወታደር የሚሰጥ ሜዳሊያ) በመልቀቂያ ወረቀታቸው፣ ማለትም በዲዲ 214፣ ላይ እንዴት ይግባ ብለሃል። መጀመሪያ ይህን ለይ፦ ተሰጥቷቸው ሳይመዘገብ ቀረ ወይስ ከነጭራሹ አልተሰጣቸውም? ተሰጥቶ ከሆነ የጸሐፊ ስህተት ነው፤ ይቀላል።

አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ላለው የወታደሮች መዛግብት ማዕከል በኤስኤፍ 180 (የውትድርና መዝገብ መጠየቂያ) ቅጽ ጻፉና ሙሉ ፋይሉን ጠይቁ፤ መልቀቂያውን ብቻ እንዳይልኩላችሁ። በሕይወት ስላሉ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ፋይሉ ሲመጣ ቁጥርና ቀን ያለበትን የሽልማት ትእዛዝ ፈልግ። እሱ ከታጣ የሆስፒታል መዝገብ ወይም የቁስለኛ ሪፖርት ይረዳል፤ ብቻ ቁስሉ ከጠላት የመጣ መሆኑን ማሳየት አለበት። ጂፕ ተገልብጦ የተሰበረ እግር፣ ያሳዝናል እንጂ፣ አይቆጠርም። የጓዶች ምስክርነትም ይያያዝ፤ ለብቻው ግን እምብዛም አያስኬድም።

«ፋይሉ ማዕከሉ ላይ በደረሰው በ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) እሳት ተቃጥሏል» ካሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ያ ቃጠሎ ከምድር ጦር በዋናነት የበላው ከ1960 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰናበቱትን ወታደሮች ፋይል ነው።

እርማቱ ከተፈቀደ ብዙውን ጊዜ ዲዲ 214 እንደ አዲስ አይጻፍም፤ ዲዲ 215 የሚባል ማረሚያ ይመጣል። ተራ ወረቀት ስለሚመስል ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ ከዋናው ጋር አያይዙት።

እምቢ ካሉ በዲዲ 149 (የመዝገብ እርማት ማመልከቻ ቅጽ) ለጦሩ የእርማት ቦርድ አመልክቱ። ገደቡ ስህተቱ ከታወቀ 3 ዓመት ነው፤ ቢያልፍም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊቀበል ስለሚችል የዘገያችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ኦሪጅናል ወረቀት ግን አትላኩ፣ ኮፒ ይበቃል።